ድንገተኛ ፍርሃት ሲያጠቃ
ስለ ጭንቀትና ስለ ድንገተኛ የድንጋጤ ሕመም ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የቀረበ ትምህርት

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላል የሀገራችን ሰው። እባብ ለጥቂት የሳተው መንገደኛ በማግስቱ ከሣር ላይ የወደቀ የዛፍ ልጥ ባየ ጊዜ ዘሎ ይሸሻል። ልጡ አይናደፍም፤ የሰውየው ፍርሃት ግን እውነተኛ ነው። ልቡ ይመታል፤ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፤ ትንፋሹ ያጥራል። ይህን ሰው «ፈሪ» ብለን ብንሰድበው ትናንት ያየውን እባብ መርሳታችን ነው። «ልክ ነህ፣ እባብ ነው» ብለን አብረነው ብንሸሽ ደግሞ ዕድሜውን በሙሉ ከልጥ እንዲሸሽ እንፈርድበታለን።

በዚህ እትም ትምህርታችን ስለዚህ ዓይነቱ ፍርሃት እንነጋገራለን። በየቁምስናችን በዚህ ሕመም የሚሠቃዩ፣ ነገር ግን ስሙን የማያውቁ ወይም ለመናገር የሚያፍሩ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። የሚያጽናናቸውን ፈልገው ወደ መምህሩ ወይም ወደ ቆሞሱ ሲመጡ የምንሰጣቸው የመጀመሪያ መልስ ወደ መዳን ሊመራቸው ወይም ሕመማቸውን ሊያከብድባቸው ይችላል።

1. ከሰንበቴ ገበያ የሚነሣ ምሳሌ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና፣ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ መካከል ሰንበቴ ትገኛለች። ዋና ከተማው ከሚሴ በሆነው በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ያለች፣ በእሑድ ገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት። ከቆላው አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ፣ ኦሮሞው ከብቱንና ማሽላውን፣ አርጎባውና አማራው ሸቀጡንና እህሉን ይዞ በአንድ ሜዳ ይገናኝባታል።

ይህ አካባቢ በቅርብ ዓመታት ብዙ መከራ አይቷል። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢዋ በተነሣው ግጭት ሰዎች ሞቱ፤ ቤቶች ተቃጠሉ፤ ብዙ ሕዝብም ተፈናቀለ። በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት የሰሜኑ ጦርነት እስከ ከሚሴና ከዚያም ወዲህ ወረደ፤ በጥር 2015 ዓ.ም. ደግሞ ግጭቱ እንደገና አገረሸ። ማን ጀመረው የሚለውን መመርመር የዚህ ትምህርት ዓላማ አይደለም። እኛ የምንጠይቀው ተኩሱ ጋብ ካለ በኋላ በሰው ልብ ውስጥ ስለሚቀረው ነገር ነው።

እንግዲህ በዚህ ገበያ ማሾና ሽንኩርት እየሸጠች ልጆቿን የምታሳድግ አንዲት እናት እናስብ። ምሳሌ ናትና ስም አንሰጣትም፤ ወገኗንና ሃይማኖቷንም አንጠይቅም። በግጭቱ ጊዜ ልጆቿን ይዛ ሮጣ ተርፋለች። ወራት ካለፉ በኋላ፣ ገበያው ሰላም በሆነበት በአንድ እሑድ፣ የጭነት መኪና ጎማ ፈነዳ። ሰዉ ሁሉ ዘወር ብሎ አየና ወደ ጉዳዩ ተመለሰ። እርሷ ግን ልቧ በኀይል መታ፤ ትንፋሿ አጠረ፤ ከንፈሯና ጣቶቿ ደነዘዙ፤ ላብ አጠመቃት። «መሞቴ ነው፤ ልጆቼን አደራ» አለች። ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሷት፤ እዚያ ስትደርስ ግን ሕመሙ ቀለል ብሎላት ነበር። ልቧ ተደመጠ፤ ደሟ ተመረመረ፤ አንዳች በሽታ አልተገኘም።

በሚቀጥለው እሑድ ወደ ገበያው መንገድ ስትወጣ ያው ነገር ደገማት። ከዚያ ወዲያ ገበያውን ተወች። ቆይታም መኪና መሳፈር ፈራች፤ ቀጥሎም ለቅሶ ቤትና የጸሎት ስፍራ መሄድ አቆመች። ዓመት ሳይሞላ ከደጃፏ የማትርቅ ሆነች፤ የልጆቿም እንጀራ ጎደለ። ጎረቤቶቿ ሦስት ዓይነት አስተያየት ሰጡ። አንዱ «ልብ ድካም ነው፣ ሐኪሞቹ አላወቁላትም» አለ። ሁለተኛው «ዛር ነው» አለ። ሦስተኛው «እምነቷ ቀዝቅዞ ነው እንጂ በእግዚአብሔር የታመነ አይፈራም» አለ። ሦስቱንም በየተራ እንመርምር።

2. በሰውነት ውስጥ የሚሆነው ምንድን ነው?

እግዚአብሔር ሰውን ሲፈጥር አደጋን የሚያስታውቅ ዘበኛ በሰውነቱ ውስጥ አኑሯል። በአንጎላችን ውስጥ ሐኪሞች «አሚግዳላ» የሚሏት አንዲት ትንሽ ክፍል አለች። አደጋ የመጣ ሲመስላት አእምሯችን ነገሩን አስቦ ሳይጨርስ ደወል ትደውላለች። በዚህን ጊዜ ከኩላሊቶቻችን በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን የሚባለውን ንጥረ ነገር ወደ ደም ይረጫሉ። ልብ ደምን ወደ እግርና ወደ ክንድ ለመላክ ይፈጥናል፤ ሳንባ አየር ለመሳብ ይቸኩላል፤ ሰውነት ያልበዋል፤ ሆድ ሥራውን ያቆማል። ይህ ሁሉ ለመሮጥ ወይም ለመከላከል የተደረገ ዝግጅት ነው። ያቺ እናት በግጭቱ ቀን ልጆቿን አንሥታ የሮጠችው በዚህ ኀይል ነበር።

ችግሩ የሚመጣው ደወሉ አደጋ በሌለበት ጊዜ ሲደወል ነው። በገበያ መካከል የተቀመጠ ሰው አይሮጥም፤ ስለዚህ የተዘጋጀው ኀይል መውጫ ያጣል። ትንፋሽ ከሚያስፈልገው በላይ ሲፈጥን በደም ውስጥ ያለው የተቃጠለ አየር፣ ማለትም ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ይቀንሳል። ራስ የሚዞረው፣ ከንፈርና ጣት የሚደነዝዘው፣ አንዳንድ ጊዜም እጅ የሚኮማተረው ስለዚህ ነው። ሰውየው ይህን ሲሰማው «ልቤ ሊቆም ነው»፣ «ላብድ ነው» ብሎ ይተረጉመዋል። ትርጓሜው አዲስ ፍርሃት ይወልዳል፤ አዲሱ ፍርሃት ደግሞ ደወሉን እንደገና ያስደውላል። እንግሊዛዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ዴቪድ ክላርክ በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ይህን የፍርሃት ክብ በግልጽ አስረድቷል።

ሐኪሞች ይህን ጥቃት «ፓኒክ» ይሉታል። አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ከጫፍ ይደርሳል፤ ከዚያም በራሱ ይበርዳል። ጥቃቱ ራሱ ሰውን አይገድልም፤ አያሳብድምም። ጥቃቱ በተደጋጋሚ ሲመጣ፣ ሰውየውም ለአንድ ወርና ከዚያ በላይ «መቼ ይመለስብኝ ይሆን» እያለ ሲሰጋ ወይም ኑሮውን ሲለውጥ ሕክምና የሚያስፈልገው ሕመም ሆኗል ማለት ነው።

ነገሩ ለዘመናችን ወይም ለአገራችን ብቻ የመጣ አይደለም። ዳ ኮስታ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት የተካፈሉ ብዙ ወታደሮች የልብ ምት፣ የደረት ሕመምና የትንፋሽ ማጠር ሲያሠቃያቸው፣ በልባቸው ላይ ግን ጉዳት ሳይታይ መቅረቱን በ1871 እ.ኤ.አ. ጽፎ ነበር። በጊዜው «የሚቆጣ ልብ» ተባለ።

ይሁን እንጂ «ልብ ድካም ነው» ያለውን ጎረቤት ፈጽሞ ተሳስቷል አንለውም። ተመሳሳይ ምልክት የሚያሳዩ የሥጋ ሕመሞች አሉ፤ ከነዚህም ውስጥ ከመጠን በላይ የሚሠራ እንቅርት፣ የደም ማነስ፣ የቆየ የጉሮሮ ሕመም ያስከተለው የልብ በሽታ፣ የደም ስኳር ማነስና በቆላ አገር የሚበዛው ወባ ይገኛሉ። ጫት በውስጡ ባለው ካቲኖን አማካይነት ልብን ያፈጥናል፤ እንቅልፍንም ያሳጣል። ብዙ ቡናም እንዲሁ ያደርጋል። አልኮል ለጊዜው ያረጋጋ መስሎ በማግስቱ ጭንቀቱን ያባብሰዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ምርመራ ያስፈልጋል። ከምርመራው በኋላ ሐኪሙ «ልብሽ ጤነኛ ነው» ሲል «ምንም አልታመምሽም» ማለቱ እንዳልሆነ መምህሩ ለታማሚዋ ያስረዳት። ሕመሙ አለ፤ ስሙ ሌላ ነው።

3. የእምነት ጉድለት ነውን?

ሦስተኛው ጎረቤት የሰጠው አስተያየት በእኛ በአማኞች ዘንድ ብዙ ጊዜ ይሰማልና ቆም ብለን እንየው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 1767 እንደሚያስተምረው፣ የስሜት መነሣሣት በራሱ በጎም ክፉም አይደለም፤ በጎነትና ክፋት የሚመጡት አእምሮና ፈቃድ በነገሩ ሲገቡ ነው። ስለዚህ ሳይፈልገው ልቡ የሚመታበት ሰው ኃጢአት አልሠራም። «ፈርቻለሁና በድያለሁ» ብሎ ወደ ንስሓ ቢመጣም የሚያስፈልገው ማጽናኛ ነው።

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ራሱ በጌቴሴማኒ በጽኑ ሐዘንና ጭንቀት ውስጥ እንደ ገባ፣ ላቡም እንደ ደም ነጠብጣብ በምድር ላይ እንደ ወረደ ወንጌላውያን ጽፈዋል (ማር. 14፥33፤ ሉቃ. 22፥44)። ከወዳጆቹ የለመነውም አጠገቡ ሆነው እንዲተጉ ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ መቄዶንያ በደረሰ ጊዜ በውስጡ ፍርሃት እንደ ነበረበት አልደበቀም (2ቆሮ. 7፥5)።

ከሁሉ ይልቅ ለመምህራን የሚጠቅመው የነቢዩ ኤልያስ ታሪክ ነው (1ነገ. 19)። በቀርሜሎስ ተራራ በድፍረት የቆመው ያ ነቢይ የኤልዛቤልን ዛቻ በሰማ ጊዜ ፈርቶ ሸሸ፤ በምድረ በዳም ከዛፍ ሥር ተኝቶ ሞትን ለመነ። መልአኩ በመጣ ጊዜ ስለ ፍርሃቱ አልገሠጸውም። ቀሰቀሰው፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ እንደገና እንዲተኛ ተወው፤ ሁለተኛም አበላው። እግዚአብሔር በኮሬብ በለሆሳስ ድምፅ ያነጋገረው ሥጋው ካረፈና ከበረታ በኋላ ነው። ያዘነና የተጨነቀ ሰው ሲመጣ ቅደም ተከተላችን ይህ ይሁን።

ስለ ምንም እንዳንጨነቅ የሚመክረን የጳውሎስ ቃልም (ፊል. 4፥6) ወደ ጸሎት የሚጠራ ግብዣ ነው። ይህን ቃል በታመመ ሰው ላይ እንደ ክስ መጠቀም ግን እግሩ የተሰበረውን «ለምን አትራመድም?» ብሎ እንደ መቆጣት ነው።

4. የክፉ መንፈስ ሥራ ነውን?

በአገራችን ድንገት የሚያንቀጠቅጥና የሚያስጮህ ሕመም ብዙ ጊዜ ለዛር ወይም ለቡዳ ይሰጣል። ቤተ ክርስቲያን የክፉ መንፈስን መኖር አትክድም። ዳሩ ግን የትምህርተ ክርስቶሱ ቁጥር 1673 መንፈስን ስለ ማስወጣት ሲናገር፣ አስቀድሞ ነገሩ ሕመም አለመሆኑ በጥንቃቄ እንዲረጋገጥ ያዛል፤ የአእምሮ ሕመም የሕክምና ሙያ ድርሻ መሆኑንም ይገልጻል። ክብረ በዓል ያለውን የማስወጣት ሥርዓት ሊፈጽም የሚችለውም ከጳጳሱ ፈቃድ የተቀበለ ካህን ብቻ ነው። ስለዚህ መምህርም ሆነ ሌላ ምእመን «መንፈስ አለብሽ» ብሎ የመፍረድ ሥልጣን የለውም። ቀድሞውኑ በፍርሃት የተያዘን ሰው በሌላ ፍርሃት ማሰር፣ ማሰርና መደብደብም ቢሆን፣ ከበሽታው የከፋ ጉዳት ነው።

መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 የታመመ ሰው እንዲጸልይ ይመክራል፤ ወዲያውም ለሐኪሙ ስፍራ እንዲሰጥ ያዝዛል፤ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነውና። ጸሎትና መድኃኒት ከአንድ እጅ የመጡ ስጦታዎች ናቸው። ጸበል የሚጠጣ ታማሚ መድኃኒቱን እንዲያቆም የሚመክር ሰው ይህን የመጽሐፍ ቃል ይቃወማል።

5. አጠገባችን ሰው ሲያጠቃው

በጉባኤም ሆነ በመንገድ እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥመን የሚከተለውን እናድርግ።

ሀ. ሰው አይክበበው። ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ ውኃ መርጨት፣ መጮኽና ፊቱን በነጠላ መሸፈን ድንጋጤውን ያበዛል። አንድ ሰው ብቻ አጠገቡ ይቀመጥ።

ለ. በዝግታና በለሰለሰ ድምፅ «አጠገብህ ነኝ፤ ይህ ያልፋል» እንበለው። «ምንም አልሆንክም» ማለት ግን እንዳልታመነ ያስቆጥረዋል።

ሐ. አብረነው እንተንፍስ። አራት እስኪቆጠር በአፍንጫ ወደ ውስጥ፣ ስድስት እስኪቆጠር በቀስታ ወደ ውጭ። ዋናው ነገር ወደ ውጭ የሚወጣው ትንፋሽ መርዘሙ ነው። አማኝ ከሆነ የኢየሱስን ስም ከትንፋሹ ጋር ቀስ ብሎ ይጥራ።

መ. የሚቻል ከሆነ ባለበት ስፍራ እስኪበርድለት ይቆይ። ሮጦ ከሄደ አእምሮው «ያዳነኝ መሸሼ ነው» ብሎ ይማራል።

ሠ. ሕመሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ከሆነ፣ ደረቱን አጥብቆ ካመመውና ሕመሙ ወደ ክንዱ ወይም ወደ መንጋጋው ከሄደ፣ ራሱን ከሳተ፣ ትኩሳት ካለው ወይም አንድ ጎኑ ከዛለ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

6. ሕክምናውና የመመለሻው መንገድ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደ ተባለ፣ የመጀመሪያው እርምጃ መናገር ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አገልግሎቱ ከትልልቅ ሆስፒታሎች አልፎ በየጤና ጣቢያው እንዲሰጥ አቅዶ ነበር። በሁሉም ስፍራ እኩል ባይዳረስም፣ ታማሚው ከጤና ጣቢያው ጀምሮ፣ ካስፈለገም ወደ ከሚሴ፣ ወደ ደሴ ወይም ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል እንዲላክ መጠየቅ ይችላል።

ሕክምናው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መድኃኒት ነው። ለዚህ ሕመም በብዛት የሚታዘዙት እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ መድኃኒቶች ሥራቸውን ለመጀመር ሳምንታት ይፈጅባቸዋል፤ ስለዚህ በሦስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ መተው አይገባም፤ ከተሻለ በኋላም ያለ ሐኪም ምክር በድንገት አይቆምም። ዲያዜፓም የመሰሉት ቶሎ የሚያረጋጉ እንክብሎች ግን ሱስ ሊያስይዙ ስለሚችሉ ከጎረቤት ተበድሮ መዋጥ አደገኛ ነው።

ሁለተኛው የተፈራውን ነገር በጥቂት በጥቂቱ መልሶ መልመድ ነው። ያቺ የገበያ እናት በመጀመሪያ ሳምንት ገበያ በሌለበት ቀን ከጎረቤቷ ጋር እስከ መንገዱ ዳር ትሂድ። ልቧ ቢመታም ፍርሃቱ በራሱ እስኪበርድ ትቁም። ይህ ሲቀላት ባዶውን የገበያ ሜዳ ትርገጥ። ቀጥሎ እሑድ ማለዳ ሰው ሳይበዛ ትድረስና ትመለስ። በመጨረሻም ጥቂት ማሾ ይዛ ትቀመጥ። በየደረጃው የምትማረው አንድ ነገር ነው፤ ፍርሃቱ መጣ፣ አለፈም፤ እርሷም በሕይወት አለች።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መንገዱ በእውነት አደገኛ በሆነበት ቀን ፍርሃቷ ታማኝ ዘበኛ ነው፤ ቤቷ መቅረቷም ማስተዋል ነው። «ሂጂ፣ አትፍሪ» የሚል መካሪ አስቀድሞ የዕለቱን ሁኔታ ይጠይቅ። የምንታገለው ልጥን እባብ ከሚያስመስለው ፍርሃት ጋር እንጂ ከእባብ ከሚያድነው ፍርሃት ጋር አይደለም። ደግሞም ያለፈው ጥፋት በቅዠት የሚመላለስባት ወይም ቀን ሲነጋ በዓይኗ ፊት የሚደቀንባት ከሆነ ሕመሙ ከዚህ የጠለቀ ሊሆን ይችላልና ይህን ለሐኪሙ ትንገር። «መኖር አልፈልግም» የሚል ቃል ከሰማን ሰውየውን ለብቻው አንተወው፤ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና እናድርሰው።

7. የቁምስናው ድርሻ

ቁምስናችን ለእነዚህ ወገኖች ብዙ ወጪ የማያስፈልገው እርዳታ ሊሰጥ ይችላል። ሕዝብ የሚያስጨንቀው ሰው በቅዳሴ ጊዜ ከበሩ አጠገብ ቢቀመጥ፣ ለመተንፈስ ወጥቶ ቢመለስ ማንም አይገርመው። መድኃኒት የሚወስድና የደከመ ሰው ስለ ጾሙ ከቆሞሱ ጋር ይመካከር፤ ቤተ ክርስቲያን በሕሙማን ላይ የጾም ቀንበር አትጭንም። ከቤት መውጣት ያቃተውን በየሳምንቱ አንድ ሰው ይጎብኘው፤ በሚችልበትም ጊዜ እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አብሮት ይሂድ።

እንደ ሰንበቴ ባሉ ከተሞች አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ነው፤ የደረሰውም መከራ ሃይማኖትና ወገን አልመረጠም። ስለዚህ ይህን እውቀት ለራሳችን ብቻ አናስቀረው። ቡና ስንጠራራና በለቅሶ ስንገናኝ ለጎረቤቶቻችን እናካፍል። በአንድ ወቅት እርስ በርስ የተፈራሩ ሰዎች «እኔም ልቤ እንዲህ ይመታል» ብለው ሲነጋገሩ የሚጀመር እርቅ አለ።

ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1992 እ.ኤ.አ. የዓለም የሕሙማንን ቀን መሥርተዋል። በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 11፣ በእኛ አቈጣጠር በየካቲት ወር መጀመሪያ፣ ይከበራል። በዚያ ቀን ለሥጋ ሕሙማን ስንጸልይ በጭንቀትና በድንጋጤ የሚሠቃዩትንም በግልጽ ብናነሣ፣ ተደብቆ የሚሠቃየው ሰው «ይህ እኔ ነኝ፤ ቤተ ክርስቲያንም ታውቀኛለች» ብሎ ይጽናናል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን ድንገተኛ ድንጋጤ የያዘው ሰው ምን ዓይነት ምክር ይሰጠዋል? ከዚያ ውስጥ የሚጠቅመውና የሚጎዳው የትኛው ነው?
2. መልአኩ ለኤልያስ ያደረገለትን በቅደም ተከተል አንብቡ። ለተጨነቀ ወገናችን ከዚህ የትኛውን ልናደርግለት እንችላለን?
3. በአቅራቢያችን ባለው ጤና ጣቢያ ለአእምሮ ሕመም ምን አገልግሎት ይሰጣል? ከመካከላችሁ አንዱ ጠይቆ በሚቀጥለው ስብሰባ ያስረዳ።

ጸሎት

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ፣ በጌቴሴማኒ ሌሊት የሰውን ጭንቀት ያወቅህ፣ ልባቸው ለሚሸበር ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ዕረፍትን ስጥ። ለሐኪሞች ጥበብን፣ ለእኛም ትዕግሥትን አድል፤ ፈርቶ የቀረ ሁሉ ወደ ሰው መካከል የሚመለስበትን መንገድ ክፈትለት። አሜን።